በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል

ትናንት ምሳ በልቼ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይባላል፤ እኔም ፍቱልኝ ብዬ አይደለም። ካየሁት ውስጥ ግማሹ ሕልም፣ ግማሹ የምኖርበት ከተማ መሰለኝና የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ልናገረው።

አስቀድሜ ግን ምን ይዤ እንደተኛሁ ልንገራችሁ። ከፊንላንድ ተምሬ ከመጣሁ ወዲህ ለአባቴ ያደረግሁለት ነገር ቢኖር በሰርቪስ ቤታችን ጣሪያ ላይ የሰቀልኩለት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው። ፀሐይን የተማርኩት ክረምቱን ፀሐይ ብቅ በማትልበት አገር ነው፤ ይኼ ራሱ ሕልም ይመስላል። አባቴ አቶ ደጀኔ ዕድሜውን ሙሉ ብርድ ልብስ ሲያመርት ኖሮ ጉልበቱን ለብርድ የገበረ ሰው ነው። የደብረ ብርሃን ጠዋት ደግሞ ጉልበት አይቶ አይምርም። ከአልጋው የሚወርደው እየተሳደበ ነው። «አንድ ቀን በሙቅ ውሃ ጠግቤ ብታጠብ ይኼ ጉልበት ተመልሶ የእኔ ይሆን ነበር» ይላል። ቃል ገባሁለት። ማሞቂያው በተሰቀለ ማግስት ከሰፈራችን ውሃ ጠፋ። እስከ ትናንት አንዲት ጠብታ ጣሪያው ላይ አልወጣችም።

የሰቀልኩ ዕለት ነገሩን በፔርሙስ አስረዳሁት። «ፔርሙስ ውስጥ ሁለት የብርጭቆ ግድግዳ አለ» አልኩት። «በመሃላቸው አየር እንኳ የለም። አየር ከሌለ ሙቀቱ በምን ተሻግሮ ይወጣል? እነዚህም ቱቦዎች እንደዚያው ናቸው። ፀሐይ በላይኛው ብርጭቆ አልፋ ትገባለች፣ ጥቁር የተቀባው የውስጡ ብርጭቆ ይይዛታል፣ እዚያ ያለው ውሃ ይሞቃል። መውጫ የላትም።»

አባቴ መዳፉን ቱቦው ላይ አሳረፈ። «ቀዝቃዛ ነው» አለ።

«ከላይ ነው ቀዝቃዛው፣ አባዬ። ውስጡ ነው የሚፈላው። በመሃል ያለው ባዶ ነው ሙቀቱን የሚጠብቀው።»

«ባዶ እጅህን መጣህ» አለኝ፤ «አሁን ደግሞ ጣሪያዬ ላይ ባዶ ሰቀልህልኝ።»

ሳቀ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሕልሙ ከዚያው ግቢ ይጀምራል። ቤታችን በጣሪያው ተቀምጦ መሠረቱን ወደ ላይ አንጋጥጧል። ሰማዩ ከእግራችን ሥር ነው፤ ወፎች በጫማዎቻችን መሃል ይበርራሉ። አባቴ ግቢው መሃል ሳፋ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከነኮቱ ነው። ከራሱ እስከ ጉልበቱ የሳሙና አረፋ ለብሷል።

«ውሃ አምጣ እንጂ» አለኝ። «ዓይኔን ፈጀኝ።»

«ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?»

«ለቀዝቃዛው ፊንላንድ ድረስ ምን አስኬደህ?»

ባልዲ አንስቼ ወጣሁ። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል አባቴ አንሶ ታየኝ። አረፋው ሲደርቅ እሱም አብሮ ይቀንስ ነበር። ካልፈጠንኩ እንደሚያልቅብኝ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ቦኖው ጋ ስደርስ ወረፋው መንገዱን ዘግቶታል። የተሰለፉት ጀሪካኖች ናቸው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ተራ የደረሳት ቧንቧውን ስትከፍት መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፣ ያስላል፣ ከዚያ ቀጫጭን ሰዎች ይንጠባጠባሉ። ጀሪካኗ ትቀዳቸዋለች፣ ክዳኗን ትገጥማለች፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

«ሰው እኮ ጠፋ፣ እናንተ» አለች አንዲት ቢጫ።

«እኛ ሰፈር በፈረቃ ሆኗል። ማክሰኞ ብቻ ነው የሚመጣው።»

«ቢመጣስ? ድፍርስ ነው። ሳይጠል አይሆንም።»

«እኔ ያለፈውን ቀድቼ ባስቀምጠው ሸተተብኝ።»

ክዳኗ ጠፍቶ አፏ በፌስታል የተወተፈ አሮጊት ጀሪካን ወደ እኔ ዞረች። ፌስታሉን አውጥታ ጠየቀችኝ። «አንተ ከየትኛው ቧንቧ ነው የወረድከው?»

«ከውጭ አገር ነው የመጣሁት፣ እማማ።»

«የታሸገ ነው በሉኛ» አለች። ጀሪካኖቹ ሁሉ ሳቁ፤ ሆዳቸው ባዶ ስለሆነ ሳቃቸው ይጮህ ነበር።

«ሙቅ ውሃ ፈልጌ ነበር።»

«ሙቅ ከሆነ ፀሐይን ነው የምትጠይቀው። እሷ ደግሞ ቢሮ ናት። ጉዳይ ይዛ።»

ቢሮው ከቦኖው አጠገብ ነበር። በሕልም ቢሮ ሩቅ አይደለም፤ ልዩነቱ ይኼ ብቻ ነው። ፀሐይን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። ከጋቢው ሥር ትንሽ ብርሃን ይሾልካል፤ ደንብ የጣሰች መስሏት ቶሎ ቶሎ ትሸፍነዋለች።

«እትዬ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ታሞቂልኛለሽ? አባቴ እያለቀብኝ ነው።»

«ፈቃድ የለኝም፣ ልጄ» አለችኝ። «ኃላፊው ትሙቅ ካለኝ እሞቃለሁ። ነገ ነይ ይሉኛል። እመጣለሁ። ነገ ነይ ይሉኛል። እመጣለሁ። መምጣት የኔ አመል ሆኖ ነው እንጂ ሌላው ቢሆን ይተወው ነበር።»

«እኔ በተማርኩበት አገር አንቺ ብቅ ስትዪ ሰው ሥራውን ትቶ ሜዳ ላይ እንደ እህል ይሰጣል።»

«አውቃለሁ። እዚያ ለአፍታ ብቅ ብል ልብሳቸውን አውልቀው ይቀበሉኛል። እዚህ ዓመት ሙሉ ስቃጠል ውዬ በርበሬ ያሰጡብኛል።» ጋቢዋን ወደ ላይ ሳበች። «በርበሬውን አልጠላሁም። ሌላ ሥራ እንዳለኝ የሚያውቅ ግን ጠፋ።»

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ከመስኮቱ ወዲያ በውስጥ በኩል የተቀመጥኩት እኔ ሆንኩ። ከውጭ ሠራተኞቹ ተሰልፈዋል፤ ክራባታቸውን አስተካክለው፣ ባጃቸውን አንጠልጥለው።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ላገልግልዎ» አለኝ የመጀመሪያው። «ከንጋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። ሳላገለግል ወደ ቤቴ ብገባ ባለቤቴ ምን ትለኛለች?»

እሺ ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ግን ሌላ ነበር። «ሲስተም የለም» አልኩት።

«ትንሽ እንኳ? አንዲት ጉዳይ ብቻ።»

«ነገ ይምጡ።»

ሰውየው አለቀሰ። ሥልጣን የሚጣፍጠው በአፍ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ምላሴ ላይ ማር ማር አለኝ። ቀጥሎ ፀሐይ ራሷ መስኮቱ ሥር መጣች። ለእሷም «ሲስተም የለም» አልኳት። አልተቆጣችም። ጋቢዋን ሰብስባ ወደ አግዳሚው ተመለሰች። ያን ጊዜ ባልዲዬን አየሁትና ተሸማቅቄ ከወንበሩ ተነሳሁ። ኃላፊው ያለው ከላይ ነው። ወደ ደረጃው ሮጥኩ።

ደረጃው ሥር የቆመው ዘበኛ እጁን ግንባሬ ላይ አሳረፈ፤ ልጇን እንደምትለካ እናት። «ሙቅ ነህ» አለኝ። «ሙቅ አይወጣም።»

«ሙቅ ነገር እኮ ነው ወደ ላይ የሚወጣው» አልኩት። «ውሃ ሲሞቅ ቀልሎ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በቦታው ይወርዳል። ማንም አይገፋውም፣ ሞተር የለው፣ ምን የለው። የእኛ ቤት ማሞቂያ ታንከሩን በሙቅ ውሃ የሚሞላው እንዲህ ነው።»

«እሱ ለውሃ ነው፣ ወንድሜ። እዚህ የሚወጣው ቀዝቃዛ ነው።» በአገጩ ደረጃው ሥር ወዳለው ጨለማ አመለከተኝ። «ሞቆ የመጣ ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጠው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ደረጃው ሥር ወጣቶች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ የምረቃ ካባቸውን አላወለቁም። እንፋሎታቸው መስኮቱን አደብዝዞታል። አንዱ በመስታወቱ ላይ በጣቱ አንድ ነገር ይጽፋል፣ እንፋሎቱ መልሶ ይደመስሰዋል፣ እንደገና ይጽፋል።

«እንዴት ልቀዝቅዝ?» አልኩት ዘበኛውን።

«ለምንድነው የመጣኸው?»

«ለአባቴ ውሃ ፈልጌ።»

«እሱን ተወዋ።»

ተውኩት። አባቴን ከሐሳቤ አውጥቼ አስቀመጥኩት፣ ዣንጥላ በር ላይ እንደሚቀመጥ። አልከበደኝም። በዚያ ሕልም ከታየኝ ነገር ሁሉ የደነገጥኩት በዚህ ነው፤ አልከበደኝም። ዘበኛው ግንባሬን ደግሞ ነካው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አሳለፈኝ።

ኃላፊው ጠረጴዛውን ይዞ ኮርኒሱ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብዬ ነው ያነጋገርኩት። ክፍሉ እንደ ማቀዝቀዣ ይበርዳል፤ በግድግዳው ዙሪያ የቆሙት ሰዎች ቅንድባቸው ላይ አመዳይ ሠርቷል።

«ከውጭ ምን ይዘህ መጣህ?» አለኝ።

አፈርኩ። «ምንም። ባዶ እጄን ነው።»

ኃላፊው ብድግ አለ። ሁሉም ብድግ አሉ። አንዲት ሴት እልል አለች። ሻንጣ ሞልተው የመጡ ሁለት ሰዎች ግድግዳውን ተጠግተው በጓዳ በር ሹልክ አሉ፤ አንዱ ሻንጣውን በኮቱ ሊሸፍን ይሞክር ነበር።

«ባዶ ሲባል ባዶ ነው ወይስ ትንሽ ነገር አለበት?»

«እጄ ላይ እንኳ ትንሽ ላብ አለ» አልኩት። «ቤታችን ጣሪያ ላይ ያለው ግን ፍጹም ባዶ ነው። አየር እንኳ የለውም።»

«አየር እንኳ» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኛ እዚህ ስንት ዘመን ለፍተን፣ ሁሉን አስወጥተን፣ አየሩ ነው አልወጣ ያለን። ምራን ወንድሜ። ይኼን ነገር ዓይናችን ይየው።»

ሁሉም ኮርኒሱን እየረገጡ፣ በመስኮት እየወጡ ተከተሉኝ። ፀሐይም ኃላፊው ሲወጣ አይታ ጋቢዋን ይዛ ከኋላ ከኋላ መጣች። ግቢያችን ስንገባ ሳፋውን ፈራ ተባ እያልኩ አየሁ። አባቴ ከሳፋው ጠርዝ በታች ሆኗል፤ ራሱ ብቻ ይታያል። ባልዲዬ አሁንም ደረቅ ነው። «መጣሁ፣ አባዬ» አልኩት። «ኃላፊውን ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ኃላፊ ይታጠቡበታል?» አለ ከሳፋው ውስጥ።

ቱቦዎቹ እንደ ኦርጋን ቧንቧ ተደርድረዋል። ውስጣቸው ግን ውሃ አልነበረም። ከቦኖው የወረዱት ቀጫጭን ሰዎች ነበሩ። ጥቁሩ ብርጭቆ ውስጥ ተጣብቀው፣ ቀልተው፣ አረፋ እየደፈቁ ይፈላሉ። አፋቸውን በኃይል ይከፍታሉ። ድምፅም እንደ ሙቀት ነው፤ ባዶ አይሻገርም። ምንም አይሰማም።

ኃላፊው መዳፉን የላይኛው ብርጭቆ ላይ አሳረፈ። ፊቱ በራ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ። «ሰላም ነው።»

አጃቢዎቹም በየተራ እየነኩ «ሰላም ነው»፣ «ሰላም ነው» ተባባሉ።

«ጌታዬ፣ ከላይ ነው እንዲህ። ውስጡ…»

«እኛ የምንነካው ላዩን ነው» አለኝ በትሕትና። «ውስጥን የሚነካ ጨዋ ሰው አይደለም።»

ይኼን ጊዜ ጎረቤታችን እትዬ የሺመቤት ገባች። በእውኑም ዓለም እትዬ የሺመቤት ሳህን ልከንላት ባዶውን መልሳ አታውቅም፤ ቢያንስ እፍኝ ቆሎ ታደርግበታለች። በሕልሜም ወስከንባይ ሙሉ ቆሎ ይዛ፣ የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ ነበር የመጣችው።

«ባዶ ነው ሲሉ ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል?» አለች። «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ፀሐይ ምን ትለናለች?»

«ኸረ እኔ ምንም አልልም» አለች ፀሐይ ከበሩ።

«ተይ እንጂ፣ ነውር ነው።»

ሴቶቹ መሰላሉን ገልብጠው ወደ ጣሪያው ወረዱ። የቱቦዎቹን ጫፍ እየቀነጠሱ በሁለቱ ብርጭቆዎች መሃል ቆሎ ጨመሩ። ሽሮ ጨመሩ። ምስር፣ ክክ፣ አንዷ ደግሞ ያረጀ ካልሲ። የጎደለው እንዳይመስል ቱቦውን እየነቀነቁ ጠቀጠቁት።

«እትዬ፣ በእናትሽ ተይው» አልኳት። «ባዶው ነው የሚያሞቀው።»

«አንተ ደግሞ» አለችኝ፤ «ተምረህ ተምረህ የምትለው ይኼን ነው? ባዶ ማንን አሙቆ ያውቃል?»

መልስ ነበረኝ። በሦስት ቋንቋ ነበረኝ። ግን የጠየቀችኝ ስለ ቱቦው ብቻ አልመሰለኝም።

ኃላፊው የመጨረሻው ቱቦ ሲሞላ ፊቱን አጨለመ። «ሞላ» አለ፤ አንድ ሰው ሞተ እንደሚባለው። «ይኼም ሞላ።» ሰዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ፀሐይ ልትከተለው ስትል ዞር ብሎ «ነገ ነይ» አላት።

«እሺ» አለች። ግቢው ጨለመ።

በቱቦዎቹ በኩል አንድ ሰው ከጣሪያው ሲወጣ አየሁ። ሰው ማለቴ ቅርፅ የለውም፤ የነበረበት ቦታ ብቻ ነው የሚታየው። ከቤት የተባረረ ተከራይ ይመስላል። ባዶው ነበር።

«የት ልሂድ?» አለኝ።

«ከየት መጣህ?»

«አታውቅም እንዴ? ከአንተና ከአባትህ መሃል ነዋ። የሄድህ ጊዜ ጀመርኩ፤ ስትመለስ ትንሽ እንኳ አልጠበብኩም። ብርጭቆ ውስጥ የከተትከኝ ለሥራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ይኼን ብሎ ሄዶ ከሳፋውና ከእኔ መሃል ተቀመጠ፤ የቆየ ወንበሩ እንደሆነ ሁሉ ተመቻችቶ።

ወደ ሳፋው ጎንበስ አልኩ። አባቴ አልቆ የሳሙና ቁራጭ አክሏል። ኮቱ አለ፤ ምርኩዙ እንደ ክብሪት እንጨት አጠገቡ ወድቋል። ቀና ብሎ ያየኛል። አፉ ይንቀሳቀሳል። ምናልባት «ውሃ» ይላል። ምናልባት ስሜን ይጠራል። አልሰማውም። በሁለት እጄ ከበብኩት፤ እጄ ይሞቃል፣ አውቃለሁ፣ ከደረጃው ወርጄ መልሼ ሞቄያለሁ። ተነፈስኩበት። ሙቀቱ ግን መንገድ አጣ፤ ከመዳፌ ይነሳል፣ ባዶው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ እኔ ይመለሳል። ላብ አጠመቀኝ። አባቴ በመዳፌ ውስጥ ብርድ ያንቀጠቅጠው ነበር።

«አባዬ፣ ጮክ ብለህ ተናገር» አልኩት።

ደረቱን ነፍቶ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ፣ ሊጮህ አፉን ከፈተ። የሆነ ነገር ጧ አለ።

ነቃሁ።

ጧ የሚለው ግን አልቆመም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከሰርቪስ ቤቱ ጣሪያ ላይ ግን በረዶ የሚዘንብ ያህል ይንጣጣል። አባቴ ከአሸንዳው ሥር ቆሟል። ውሃ እስኪመጣ ብዬ ቱቦዎቹን ያለበስኳቸው ሸራ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

«ውሃ መጣ እኮ» አለኝ። «ከእንቅልፍህ ከምቀሰቅስህ፣ ሞልቶ ይጠብቀው ብዬ ከፈትኩት።»

«ሸራውን ማን ገፈፈው?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት በምርኩዜ ሳብኩት። ፀሐይ ሳታየው በምን ይሞቃል?»

ደረቅ ቱቦ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ተምሬያለሁ፤ ተፈትኜም ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። ቱቦዎቹ ከጫፍ ጀምረው በተራ በተራ ይፈነዱ ነበር። ውሃው በስብርባሪው መሃል እየተንፎለፎለ ቆርቆሮውን ይዞ ወደ አሸንዳው ወረደ። እንፋሎት ነበረው።

ወደ ውሃው መዝጊያ ሮጥኩ። እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌ አባቴን አየሁት። ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ያንን ጉልበቱን ከአሸንዳው ሥር አስገብቷል። ዓይኑን ጨፍኗል። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊቱ እንዲህ ተፈትቶ አይቼው አላውቅም።

«ይሞቃል ለካ» አለ።

ሌላ ቱቦ ፈነዳ። አባቴ ዓይኑን አልገለጠም።

«ይኼ የሚንጣጣው ምኑ ነው?»

እጄን ከመዝጊያው ላይ አነሳሁ።

«እየሠራ ነው፣ አባዬ» አልኩት።